አንገትን ከማሰር ወደ ማንቀሳቀስ፦ ከመኪና ግጭት በኋላ የተደረገ የፊዚዮቴራፒ ክትትል

ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገበት ምክንያት

በመኪና ግጭት አጥንቱ ያልተሰበረና ደም ያልፈሰሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የአንገታቸው ጅማትና ጡንቻ የተጎዳባቸው ሰዎች ግን ራጅ ላይ የሚታይ ነገር ስለሌላቸው፣ ህመሙ በጥቂት ሳምንታት ካልለቀቃቸው በሐኪም፣ በወጌሻና በፋርማሲ መካከል ሲመላለሱ ይከርማሉ። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ የዚህ ዓይነት ነው። ለመመዝገብ የተመረጠው ጉዳቱ ከባድ ስለነበር አይደለም። ጉዳቱ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ታካሚዋን ከሥራ ያራቃት፣ አንገቷ እንዳይንቀሳቀስ በዙሪያዋ ያሉ ሁሉ በቅንነት ያደረጉት ጥንቃቄ መሆኑ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘነው ነው። ማንነቷን ለመጠበቅ ሲባል ስሟ፣ መሥሪያ ቤቷና የታከመችባቸው ተቋማት አልተጠቀሱም፤ አንዳንድ መለያ ዝርዝሮችም ተቀይረዋል።

የታካሚዋ ሁኔታና የአደጋው አመጣጥ

ታካሚዋ በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትገኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውል የሂሳብ ሠራተኛና የልጆች እናት ናት። ከአደጋው በፊት የአንገት ህመምም ሆነ የሚመላለስ ራስ ምታት አልነበረባትም። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ታክሲ ሰው ለማውረድ አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ዳር እንደቆመ አይሱዙ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨው። የተቀመጠችው መካከለኛው ረድፍ ላይ ሲሆን፣ የዚያ ታክሲ መቀመጫ ጀርባው ከትከሻ ብዙም የማያልፍና የራስ መደገፊያ የሌለው ነበር። በግጭቱ ቅጽበት ደግሞ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ ለረዳቱ ሂሳብ እያቀበለች ነበር።

ይህ ዝርዝር ተራ ቢመስልም ለሕክምናው ትርጉም አለው። መኪና ከኋላ ሲገጭ መቀመጫው የተሳፋሪውን ደረት ወደፊት ይገፋዋል፤ ራስ ግን በክብደቱ ለጥቂት ቅጽበት ባለበት ይቀራል። ከ100 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአንገት የታችኛው ክፍል ወደኋላ፣ የላይኛው ክፍል ደግሞ ወደፊት ስለሚታጠፍ አንገት ለአፍታ ያልተለመደ ቅርጽ ይይዛል፤ ጡንቻዎች ይህን ለመከላከል በጊዜ አይደርሱም። አንገት አስቀድሞ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ከነበረ ደግሞ አንዳንዶቹ ጅማቶች ተወጥረው ይጠብቃሉ፤ ጉዳቱም በዚያው ልክ ይብሳል።

ታካሚዋ ከታክሲው በእግሯ ወርዳ፣ የትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ ቆማ ጠብቃ፣ በሌላ ታክሲ ሥራ ገብታለች። ማጅራቷን የያዛት ማታ ላይ ነው። በማግስቱ አንድ የሕክምና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ሄዳ ራጅ ተነሣች፤ ስብራት አለመኖሩ ተነግሯት ህመም ማስታገሻና አንገትን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ (ኮላር) ተሰጥቷት «ዕረፍት አድርጊ» ተብላ ተመለሰች። ኮላሩን እስከ መቼ እንደምታደርገው የነገራት አልነበረም።

ወደ ክፍላችን ከመምጣቷ በፊት

ስለዚህ አደረገችው፤ ለሳምንታት፣ ስትተኛም ጭምር። በዚያ መካከል ዘመድ ጠቁሟት ወደ ወጌሻ ሄደች። ወጌሻው ማጅራቷን በቅቤ አሽቶ በመጨረሻ አንገቷን በድንገት አዞረላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከህመሙ በተጨማሪ ራሷን ያዞራት ጀመር። ቀጥሎ የሄደችበት ክሊኒክ በተከታታይ ሙቀትና የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ሰጣት፤ ለሰዓት ያህል ቀለል ይልላትና እንደገና ይመለሳል።

እኩል የሚመዘነው ሌላው ነገር ቤት ውስጥ የሆነው ነው። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ከምክር ጋር መጣ። አንዱ አንገቱን ተጎድቶ ሽባ የሆነ ሰው ታሪክ ነገራት፤ ሌላዋ ከባድ ነገር እንዳታነሣ አስማለቻት። ሥራ አቆመች። ልጆቿን አጎንብሳ መሳም ተወች። ሰላምታ ላይ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም አንገት ስለሚያዞር ሰው ሲመጣ ከሩቅ እጇን መዘርጋት ለመደች። ታክሲም አልተሳፈረችም፤ ወደ ሕክምና የምትመላለሰው በወንድሟ መኪና፣ እሱም ቀስ ብሎ ሲነዳ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ምርመራ

ወደ እኛ የመጣችው ከአደጋው ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ከእናቷ ጋር ነው። ወደ ጎን ለማየት አንገቷን ሳይሆን መላ ሰውነቷን ታዞር ነበር። እናቷ ቀድመው «ዶክተር፣ አንገት እኮ ነው፣ እግር አይደለም፤ አደራህን ቀስ በልልኝ» አሉ። ፊዚዮቴራፒስት እንጂ ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸውም መጠሪያው እስከ መጨረሻው አልተቀየረም።

የእናትየው ስጋት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እጅ ከማሳረፍ በፊት ደኅንነቱ መረጋገጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የካናዳ የአንገት አጥንት ምርመራ ደንብ ራጅ ማን እንደሚያስፈልገው ለመለየት ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ዕድሜ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን፣ አደገኛ የአደጋ ዓይነት፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ እንዲሁም አንገትን ወደ ግራና ቀኝ 45 ዲግሪ ማዞር መቻል ይገኙበታል። በዚሁ ደንብ መሠረት በትልቅ የጭነት መኪና መገጨት ቀላል የኋላ ግጭት ተብሎ አይታለፍም። ደንቡ የተዘጋጀው ለትኩስ ጉዳት ቢሆንም አካሄዱ ቆይቶ ለመጣ ታካሚም ይረዳል። ታካሚዋ ወደ ግራ 45 ዲግሪ መድረስ አልቻለችም፤ የማጅራቷ አጥንት መሀሉ ላይ ሲነካ ያማት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ከአደጋው በኋላ አንገቷ በኃይል ተጠምዝዟል። ስለዚህ ሕክምና ሳንጀምር እነዚህን ምክንያቶች በጽሑፍ ዘርዝረን ወደ ሐኪም መለስናት። ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ስብራትም ውልቃትም አልተገኘም።

ስትመለስ ማዞሩን ለብቻው መረመርነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት የአንገት ሥሮች ሲጎዱ ማዞር ብቻውን ላይመጣ ይችላል፤ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንደበት መኮላተፍ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በድንገት መውደቅ ወይም የፊት አንድ ጎን መደንዘዝ አብሮ ሊታይ ስለሚችል ስለ እያንዳንዱ ተጠየቀች፤ አንዱም አልነበረም። ከውስጥ ጆሮ የሚመጣውን፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ የሚነሣውን ማዞር የሚለየው ምርመራም አላስነሣባትም። የእጆቿ ጉልበት፣ የቆዳዋ ስሜትና አካሄዷ ደኅና ነበሩ። በመሆኑም ጉዳቷ እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳዋ ኩቤክ በወጣውና ከ0 እስከ 4 ባለው ምደባ 2ኛ ደረጃ ላይ ተመደበ፤ ይኸውም ህመም፣ የእንቅስቃሴ መቀነስና ሲነካ የሚያም ቦታ ያለበት፣ ነገር ግን የነርቭ ጉዳት ምልክት የሌለበት ማለት ነው።

መነሻ ልኬቶቿ የሚከተሉት ነበሩ። አንገቷን ወደ ግራ 35፣ ወደ ቀኝ 50 ዲግሪ ታዞራለች፤ ጤነኛ ሰው በዚህ ዕድሜ ከ70 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። አንገት በዕለት ሥራ ላይ ያመጣውን እክል በ10 ጥያቄዎች ከ50 ነጥብ በሚለካው መጠይቅ 28 አገኘች፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እክሉ ይብሳል።

ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመን ምርመራ ግን ርካሹ ነበር። መርካቶ የሚሸጥ ትንሽ የሌዘር መብራት በላስቲክ ግንባሯ ላይ አሰርንና ከግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር ርቃ እንድትቀመጥ አደረግን። ቀይዋ ነጥብ ያረፈችበት ቦታ ላይ ምልክት ተደረገ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ወደ ግራ አዙራ ወደ ነበረበት እንድትመልሰው ተጠየቀች። በዚህ ርቀት ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ መሳት ከ4.5 ዲግሪ በላይ ስሕተት ስለሆነ አንገት ራስ ያለበትን ቦታ በትክክል እያሳወቀ አለመሆኑን ያመለክታል። እሷ ደጋግማ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳተች። ዓይኗን ገልጣ ነጥቧን ስታይ «መሀል ላይ ያለሁ መስሎኝ ነበር» አለች። አንገት ውስጥ ያሉ ስሜት አቀባዮች፣ ዓይንና ውስጥ ጆሮ የተለያየ ወሬ ሲያቀብሉ አንጎል እንደሚምታታና ማዞሩ ከዚያ እንደሚመጣ ማስረዳት ከዚህ በኋላ ቀላል ሆነ። ሥሯ የተበጠሰ ወይም አጥንቷ የተነቃነቀ መስሏት ለሰነበተች ሴት ይህ ማብራሪያ ራሱ የሕክምናው አካል ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ኮላሩ ወጣ። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመጀመሪያ ማታ፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ፣ በመጨረሻም መንገድ ላይ እየተተወ በሳምንት ገደማ ተጠናቀቀ። ይህ ውይይት እናቷ ባሉበት እንዲደረግ ሆን ብለን ነው የጠራናቸው፤ ታካሚ ክፍላችን ውስጥ የሰማችው ነገር ቤት ሲደርስ በቤተሰብ ፍርሃት ከተሻረ አይጸናምና። እናትየው «አትንቀሳቀሺ» ከማለት ይልቅ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው፦ ቡና ሲፈላ ሁልጊዜ በልጃቸው ግራ በኩል እንዲቀመጡና ጨዋታውን ከዚያ እንዲጀምሩ። ልጅቱ እናቷን ለማየት መዞር ግድ ሆነባት። ለአንገት እንቅስቃሴ ካዘዝናቸው ነገሮች ሁሉ ሳይቋረጥ የተሠራው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ በአንገት ፊት በኩል፣ ከጉሮሮ ጀርባ አከርካሪውን ተደግፈው የሚገኙትን ጥልቅ ጡንቻዎች መቀስቀስ ነበር። እነዚህ ጡንቻዎች ከጉዳት በኋላ ይሰንፋሉ፤ በነሱ ፋንታ ከላይ ያሉት ትልልቅ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ። ለዚህ የተሠራው የግፊት መሣሪያ ስላልነበረን የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ አጣጥፈን በጀርባዋ ተኝታ ከማጅራቷ በታች አስገባንና እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነፋነው። አገጯን በጣም በትንሹ ወደ ደረቷ በመነቅነቅ መርፌውን ወደ 22፣ ከዚያ ወደ 24 እንድታደርስና ለጥቂት ሰከንድ እንድትይዘው ተነገራት። ትንሹ እንቅስቃሴ ትክክለኛው መሆኑን ማመን አስቸግሯት ነበር፤ መርፌው ሲዘል ጉሮሮዋ ጎን ያለው ጡንቻ እንደሚወጣጠር በጣቷ ስትነካ ግን ልዩነቱ ገባት።

የሌዘሩ ምርመራም ወደ ልምምድነት ተቀየረ። ግድግዳው ላይ ክብና ስምንት ቁጥር ተሥሎ ነጥቧን በመስመሩ ላይ ታስኬዳለች፤ ቤት ውስጥ ልጆቿ ተራ እየያዙ ይወዳደሯት ስለነበር ማንም ሳያስታውሳት ትሠራው ጀመር። የመሥሪያ ቤት ሥራዋን በግማሽ ቀን ጀመረች። ስክሪኑ ከዓይኗ ጋር እኩል እንዲሆን ከፍ ተደረገ፤ ከዚህ ይልቅ የጠቀማት ግን በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫዋ መነሣቷ ነው።

ከታክሲ ጋር መታረቅ

እንቅስቃሴዋ እየተሻሻለ ሳለ የህመሟ መጠን በአንድ ቦታ ቆመ። ምክንያቱ የታወቀው ስለ እንቅልፏ ስትጠየቅ ነው፤ የጭነት መኪና ክላክስ በሰማች ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ ሌሊት በግጭቱ ድምፅ ትነቃለች። ከመኪና አደጋ በኋላ የሚቀር ድንጋጤ አንገትን ሲያደነድን ጡንቻን ብቻ ማከም ውኃ መውቀጥ ነው። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላክናት፤ እሷም ሄደች። እኛ በበኩላችን ከባለሙያው ጋር ተመካክረን መሳፈርን በደረጃ ከፈልነው፦ መጀመሪያ ከቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ከዚያ ከወንድሟ ጋር አጭር መንገድ፣ ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ጋቢና ተቀምጦ ቀበቶ አስሮ በታክሲ መሄድ። በመጨረሻ ብቻዋን ከቤቷ እስከ መሥሪያ ቤቷ ተሳፈረች። በክትትሏ የተመዘገበላት ትልቁ የህመም ቅነሳ የታየው ከዚህ በኋላ ነው።

ያልሠሩ ነገሮች

በመጀመሪያ የሰጠነው የቤት ውስጥ ልምምድ ዝርዝር ሙሉ ገጽ ነበር፤ ወረቀቱ ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ዝርዝሩ ወደ ሁለት እንቅስቃሴ ሲወርድና ከቡና ሰዓትና ከመሥሪያ ቤት ዕረፍት ጋር ሲያያዝ ተሠራ። በላስቲክ ገመድ የሚደረግ የትከሻና የአንገት ማጠንከሪያ በቶሎ ሲጀመር ቀናት የፈጀ ራስ ምታት አስነሣባት፤ መጠኑ ተቀንሶ ሲጨመር ግን ተቋቋመችው። ሙቀት ህመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም የመዞሪያ ዲግሪውን አልቀየረውም፤ ስለዚህ ለሙቀት ብላ ገንዘብና ጊዜ አውጥታ እንዳትመላለስ ቤቷ በፎጣ እንድታደርገው ነገርናት።

መታሸትን በተመለከተ ለዘብ ማለት ነበረብን። በእናትየው ዓይን ያልታሸ አንገት ያልታከመ አንገት ነው። ቀላል ማሸት በየቀጠሮው መጨረሻ ላይ፣ ልምምዱ ከተሠራ በኋላ ብቻ ተሰጠ። ጉዳት አልነበረውም፤ ልምምዱ እንዲሠራም ምክንያት ሆነ።

አንድ ጊዜ ወደኋላ ተመልሰናል። ለበዓል ጸጉሯን ልትሠራ ሄዳ ማጠቢያው ላይ አንገቷን ወደኋላ አንጋላ ብዙ ስለቆየች ማዞሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ማጠቢያው አድርጋ ተደፍታ መታጠብን መረጠች። ይህን ዓይነቱን ማስጠንቀቂያ ለሴት ታካሚዎች ከመጀመሪያው መንገር ይገባል።

የካሳው ጉዳይ

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ በመሆኑ ታካሚዋ ካሳ የመጠየቅ መብት ነበራት። ነገር ግን ቶሎ ከዳነች ማስረጃዋ የሚዳከም መስሏት ስለነበር፣ ሥራ መጀመሯ እንዳይመዘገብ ጠየቀችን። ጥያቄዋን እንደ ማጭበርበር አልቆጠርነውም፤ ካሳ የህመም ማረጋገጫ ሲሆን ሰው ህመሙን ለመልቀቅ ይቸገራል። በካናዳዋ ሳስካችዋን እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ ለህመምና ሥቃይ የሚከፈለው ካሳ ሲቀር የአንገት ጉዳት ጥያቄዎች ቀንሰው፣ መዝገብ የሚዘጋበት ጊዜ ከግማሽ በታች ወርዷል። በእኔ እይታ ይህ የሚያሳየው ሥርዓቱ የማገገምን ፍጥነት ሊነካ እንደሚችል እንጂ ሰዎች መዋሸታቸውን አይደለም። ለታካሚዋ የሰጠነው መልስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉት ልኬቶች ሁሉ በቀን ተመዝግበው እንደሚሰጧት፣ ያጣችውን የሥራ ጊዜና ያወጣችውን ወጪ የሚያሳየው ይህ መዝገብ እንደሆነ፣ አሁን ያለችበት ሁኔታም እንዳለ እንደሚጻፍ ነው። ተስማማች።

ውጤት

ክትትሉ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ተጠናቀቀ፤ ቀጠሮዎቹም መጀመሪያ ላይ ተቀራርበው በኋላ እየተራራቁ ሄዱ። ሲያበቃ ወደ ግራ 65፣ ወደ ቀኝ 70 ዲግሪ ትዞር ነበር፤ የመጠይቁ ነጥብ ከ28 ወደ 9 ወረደ፤ የሌዘሩ ስሕተትም ከ7 ሴንቲ ሜትር በታች ሆነ። ሙሉ ቀን ትሠራለች። ለራሷ ያስቀመጠችው ግብ ግን በዲግሪ የሚለካ አልነበረም፤ በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መስገድ ነበር። ለዚህ መጀመሪያ ከወገብ ጎንበስ ማለትን፣ ቀጥሎ በጉልበት መንበርከክን፣ ከዚያ ግንባርን ምንጣፍ ማስነካትን፣ በመጨረሻም ሳትቸኩል መነሣትን ተለማመደች። በዕለቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ባትሰግድም እየተቀመጠች ሰገደች። የበጀት መዝጊያ ሰሞን ሥራ ሲበዛ ማጅራቷን አሁንም ይይዛታል።

ለሌላ ታካሚ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ኮላር ሲታዘዝ የሚወጣበት ቀን አብሮ መጻፍ አለበት። ስብራትና ውልቃት በሌለበት ጉዳት አንገትን ለረጅም ጊዜ ማሰር ማገገምን አያፋጥንም፤ በቶሎ ወደ ተለመደ ኑሮ መመለስ ይሻላል። ወጌሻን በተመለከተ ታካሚን ከመውቀስ ይልቅ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል። የሚወቀስ ታካሚ መሄዱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ጥምዘዛ ደግሞ በፊዚዮቴራፒስቱ እጅ ላይ አደጋ ሊሆን ይችላል።

የቀጠሮ ብዛት ጥሩ ሕክምናን አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ፣ ሥር በሰደደ የአንገት ጉዳት ላይ በአውስትራሊያ 172 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ 20 ጊዜ የተሰጠ ሰፊ የልምምድ ፕሮግራም ከአንድ የምክር ቀጠሮና በስልክ ከሚደረግ ድጋፍ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ብዙ ታካሚ ከኪሱ በሚከፍልበት አገር ይህ ቀላል መልእክት አይደለም። ሆኖም ምክር ብቻ ይበቃል የሚል ድምዳሜ አላወጣንበትም። ይህች ታካሚ የሌዘሩን ነጥብ ባታይ ኖሮ ምክሩን የምታምን አይመስለኝም፤ ድንጋጤው ለብቻው ባይታከም ኖሮም ታክሲ አትሳፈርም ነበር።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የአንገት ጉዳት መቀበያ ቅጻችን ላይ ሦስት ጥያቄዎች ተጨምረዋል፦ በግጭቱ ጊዜ ፊትዎ ወዴት ዞሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንገትዎን ማን ነክቶታል፤ መኪና መሳፈር ጀምረዋል ወይ። ሦስተኛውን ጥያቄ አብዛኞቹ ታካሚዎች ባዶ ትተውት ስለሚያልፉ አሁን በቃል እንጠይቀዋለን።